ከዚህ ርቀት አይተኮስም

በባሌና በአርሲ ተራሮች ከውጭ አገር አዳኞች ጋር በአስተርጓሚነት መሥራቴን የሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ርቀት ነው። «ከስንት ሜትር መቱት?» ይለኛል። ቁጥሩን ስነግረው ቅር ይለዋል፤ ያነሰ ይመስለዋል። ትናንት ደግሞ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና፣ አንድ ሰው ከሸለቆ ማዶ ከ900 ሜትር ላይ የተራራ በግ ሲጥል የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተልኝ። «አጎቴ፣ እናንተ ጋ ትልቁ ስንት ነበር?» አለኝ። አብዛኛው ከ200 ሜትር በታች እንደነበር ነገርኩት። «ታዲያ ምኑን አደኑት?» አለ። ልጅ ነው፣ አልተቆጣሁትም። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣ ስላለ እዚህ እጽፈዋለሁ።

200 ሜትር ማለት ሁለት የኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ሲገጣጠም ማለት ነው። በዚያ ርቀት ላይ የቆመ የደጋ አጋዘን በባዶ ዓይን የሚታየው እንደ ግራጫማ ቡናማ ጥላ ብቻ ነው። ቀንዱ ምን ያህል እንደተጠማዘዘ፣ ጎረምሳ ይሁን ያረጀ ኮርማ፣ ከጀርባው እንስት ትኑር አትኑር ያለ መነጽር አይለይም። ይህ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው እንስሳ ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ካሉት ደጋዎቻችን በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የሳይንስ ስም ያገኘው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። በፈቃድና በኮታ የሚታደነውም ያደገው ወንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ምላጭ ከመሳቡ በፊት እንስሳውን በትክክል መለየት የሙያም የሕግም ግዴታ ነው፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ መለየቱ ይከብዳል።

ርቀቱን አስቀድሞ የሚወስነው መሬቱና እንስሳው ነው። ደን ውስጥ የምኒልክ ድኩላ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜትር በታች ነው፤ ከዚያ በላይ ዛፉ አያሳይም። ጎሽን ልምድ ያላቸው አዳኞች ከ30 እስከ 80 ሜትር ድረስ ሳይጠጉ አይተኩሱበትም፤ ቆስሎ ጥሻ የገባ ጎሽ መልሶ አዳኙን ያድናልና። ነብር በተሰቀለ ሥጋ አጠገብ ሲደበቅለት ርቀቱ ከ50 እስከ 80 ሜትር ይሆናል። ዝሆን ማደን በሚፈቀድባቸው የአፍሪካ አገሮች ከ30 ሜትር ያነሰ ርቀት የተለመደ ነው። ሜዳ ላይ የሚውል ሳላ 150ም 200ም ሜትር ይጠይቃል። ተራራ ላይ፣ ሸለቆ ለሸለቆ ሲሆን፣ 250 እና 300 ሜትር ይመጣል፤ የደጋ አጋዘንም አስታ በለበሰ ገደል ላይ ሲገኝ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በላይ ያለውን በዓይኔ ያየሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ደስ ብሎኝ ያየሁት ግን የለም። (ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው በሰንቀሌ ያለውን ቆርኬ የሚጠይቁኝም አሉ። እሱ የተጠበቀ ነው፤ ከየትኛውም ርቀት አይተኮስበትም።)

ልጁ ያልገባው ነገር ጥይት ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። በብዙ አዳኞች እጅ የሚገኘው የሠላሳ ዜሮ ስድስት ጠመንጃ 200 ሜትር ላይ እንዲመታ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ጥይቱ 300 ሜትር ሲደርስ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ 400 ሜትር ሲደርስ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ልብና ሳንባ ያሉበት የደረት ክፍል ስፋቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጎን የሚመጣው ነፋስ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ጊዜው ነው። ጥይቱ 300 ሜትር ለመሄድ የሰከንድ አራት አሥረኛ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት አጋዘኑ ሣር ሊግጥ አንድ እርምጃ ወደፊት ቢል፣ ደረቱ ላይ የታለመው ጥይት ሆዱ ላይ ያርፋል። ተኳሹ ምንም አላጠፋም፤ እጁም አልተንቀጠቀጠም። እንስሳው ብቻ ተራመደ። በ900 ሜትር ላይ ይህ ክፍተት ስንት እጥፍ እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ወረቀት ላይ ሲተኮስ ዒላማው አይራመድም፤ ስለዚህ በዒላማ ሜዳ የተገኘ ችሎታ እንዳለ ወደ ተራራ አይወጣም። በዚያ ላይ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ልቡ ሲመታ፣ የጠመንጃው መነጽር የዒላማ መስቀል በእያንዳንዱ ትርታ ከአጋዘኑ ትከሻ ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ትከሻው ይመላለሳል።

ሆዱን የተመታ እንስሳ ምን እንደሚሆን ቪዲዮው አያሳይም። እኔ አይቻለሁ። ጥይቱ ሳንባ ካገኘ ቅጠሉ ላይ የሚቀረው ደም ቀላ ያለና አረፋ ያለው ነው፤ እንስሳውም ሩቅ አይሄድም። ሆድ ካገኘ ደሙ ይጠቁራል፣ የታኘከ ሣር ተቀላቅሎበት አረንጓዴ ነገር ይታይበታል፣ ይሸታልም። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ የባሌ ሰው፣ በዱካ ፍለጋ ያረጁ አባት፣ እንዲህ ያለ ደም ያለበት የአስታ ቅርንጫፍ ቀጠፉ፤ በሁለት ጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መከተል የለብንም ማለታቸው ነበር። ወዲያው ከተከተሉት ይሮጣል፤ ከተዉት ይተኛል። ለሰዓታት ጠበቅን። እየጠበቅን ሳለ ግን ጉሙ ወረደ፣ ዝናቡ ተከተለ፣ ደሙም ታጠበ። በማግስቱ ያገኘነው ጅብ የተረፈውን ነው። በአደን ሥርዓት የቆሰለ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ አዳኙም ሙሉውን ክፍያ ይከፍላል። ይህ ተገቢ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ብርድ የተሠቃየውን እንስሳ ግን አይክስም።

ስለዚህ አደን ለእኔ ተኩሱ አይደለም፤ መጠጋቱ ነው። አንድ ማለዳ ከማዶ ኮሶ ሥር የቆመ ትልቅ ኮርማ አየን። የርቀት መለኪያው 380 አለ። እንግዳው ጠመንጃውን ሊያወርድ ሲል የአደን መሪያችን እጁን ያዘው። ከኪሱ ትንሽ የአመድ ከረጢት አውጥቶ አራገፈ፤ አመዱ ወደ ግራችን ተንሳፈፈ። ነፋሱ ወደ አጋዘኑ እንዳይወስደን በስተግራ ባለው ሰርጥ ዞረን ወረድን። ጤዛው እስከ ጉልበታችን አረጠበን። ጅባራ ባለበት ጉብታ ጀርባ በደረታችን ተሳብን፤ አንዲት እንስት ቀና ብላ ስታይ እጃችንን እንኳ ሳናንቀሳቅስ ተጋደምን። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ጉብታው ጫፍ ላይ ስንደርስ መለኪያው 140 አለ። የኮርማው ጆሮ ሲወዛወዝ፣ ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር በጤዛ ተጣብቆ፣ አንገቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ጥርት ብሎ ታየን። መሪያችን ቀንዱን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ፤ ገና ጎረምሳ ነበር። ከ380 ሜትር ላይ ሁላችንም ያረጀ ኮርማ ነው ብለን ነበር። ሳይተኮስ ተመለስን።

ዓይን ያታልላል። የእህቴን ልጅ ይህን ላሳየው ብዬ ትናንት ማምሻውን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ ይዤው ወረድኩ። የድሮ መለኪያዬን ይዤ ነበር። ከዳርቻው ራቅ ብላ ውሃው ላይ የቆመች የአሣ አጥማጅ ታንኳ አሳየሁትና ገምት አልኩት። «150» አለ። መለኪያው 260 አለ። በውሃ ላይ፣ በጠራ ብርሃንና በሸለቆ ማዶ ያለ ነገር ሁሉ ቀርቦ ይታያል፤ ተራራ ላይ አዳኞች የሚሳሳቱትም በዚሁ ነው። ከዚያ አሞራ ገደል ዛፍ ጥላ ሥር የቆመ አባ ኮዳ አሳየሁት። አሁን ደግሞ አርቆ ገመተ፤ ጥላ ውስጥ ያለ ነገር ይርቃልና። በጉዳዩ ተመሰጠ፤ እስኪጨልም ያየውን ሁሉ ሲገምትና ሲለካ ቆየ። ለመለኪያ ያለው ፍቅር ለቪዲዮው ካለው ቢበልጥ ደስ ይለኛል።

በጥንቱ ዘመን ጎሽ ወይም አንበሳ በጦር የገደለ ሰው የሚፎክረውና የሚከበረው ቀርቦ ስለገጠመ ነበር። ያ ዘመን እንዲመለስ አልመኝም፤ ዱራችን ያን ያህል እንስሳ የለውም። ይሁን እንጂ የክብሩ መለኪያ ቅርበት እንጂ ርቀት አልነበረም።

ጥሩ የአደን መሪ ገና የመጀመሪያው ቀን ሰፈሩ ላይ ወረቀት ሰቅሎ እንግዳውን ያስተኩሰዋል። ብዙ እንግዶች መነጽሩ በጉዞ እንዳልተዛባ ለማረጋገጥ ብቻ ይመስላቸዋል። መሪው ግን የሚያየው ሰውየውን ነው፦ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ በባለ ሦስት እግር ዘንግ ላይ ተደግፎ፣ ትንሽ ሮጦ መጥቶ እንዴት እንደሚተኩስ። ከዚያ በልቡ ቁጥር ይይዛል፤ ለአንዱ 250፣ ለሌላው 120። ቁጥሩን አስቀድሞ በግልጽ መናገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ከእነዚያ ባለ 120ዎች አንዱ፣ በመጨረሻው ቀን ምሽት፣ 340 ሜትር ላይ ያለ ኮርማ ካልተኮስኩ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ብዙ ገንዘብ ከፍያለሁ፣ የራሴ ውሳኔ ነው አለ። መሪያችን በአማርኛ «ከዚህ ርቀት አይተኮስም በለው» አለኝ። አስተርጓሚ አንዳንዴ ቃል ያለዝባል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አለዝቤያለሁ። ያን ዕለት ግን እንዳለ ነገርኩት። ሰውየው ጠመንጃውን ወደ ማኅደሩ መለሰ፤ በማግስቱም ማናችንንም ሳይሰናበት ወደ አዲስ አበባ ሄደ።