ኩርኩሚን ድባቴን ይቀንስ እንደሆነ በአይጦች ላይ የፈተሽኩበት መንገድ

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመረጥኩት ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠውን ኩርኩሚን ነው፤ ጥያቄዬም ይህ ውህድ በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ፀረ ድባቴ ውጤት ያሳያል ወይ የሚል ነበር። ኩርኩሚን በውኃ ስለማይሟሟና ብርሃን ስለሚያበላሸው፣ ጠዋት ጠዋት ካርቦክሲ ሜቲል ሴሉሎስ በተባለ ማወፈሪያ በጥብጬ፣ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ አስቀምጬ፣ በመመገቢያ ቱቦ በአፋቸው እሰጣቸው ነበር። ለማነጻጸሪያ አንዱ ቡድን መበጥበጫውን ብቻ፣ ሌላው ደግሞ የታወቀውን ፀረ ድባቴ መድኃኒት ኢሚፕራሚን ይወስድ ነበር፤ ኢሚፕራሚን ራሱ ለውጥ ካላሳየ አጠራጣሪ የሚሆነው ውህዱ ሳይሆን የሙከራው አሠራር ነውና።

ዋናው ፍተሻ ተመራማሪው ፖርሶልትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ያስተዋወቁት የግዳጅ ዋና ነው። አይጡ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ ለ6 ደቂቃ ይቆያል፤ በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ የተንሳፈፈበት ጊዜ እንደ ተስፋ መቁረጥ ምልክት ተቆጥሮ ይለካል፤ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶችም ይህን ጊዜ ያሳጥራሉ። አለካኩ ቀላል ቢመስልም፣ የውኃው ሙቀት ከተለዋወጠ ወይም ለኪው አይጡ ምን እንደወሰደ ካወቀ ውጤቱ ይዛባል። ኩርኩሚን ደግሞ በአይጡ አፍ ዙሪያ ቢጫ ቀለም ሊተው ስለሚችል ቡድኑን ያጋልጣል። ስለዚህ ሙከራውን በቪዲዮ ቀርጬ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለወጥኩት፤ ሰዓቱንም የቡድኖቹን ምደባ የማታውቅ ባልደረባዬ ለካች። ለእያንዳንዱ አይጥ ውኃውን መቀየር፣ ሲወጣም በፎጣ አድርቆ ማሞቅ ለአፍታም የማይታለፍ ነው፤ እንስሳው የሚደርስበትን ጭንቀት ማሳጠር የተመራማሪው ግዴታ ነው።

ኩርኩሚን የወሰዱት አይጦች ከማነጻጸሪያው ቡድን ያነሰ ጊዜ ተንሳፈፉ። ሆኖም ካፌይንና አምፌታሚንም አይጥን በማነቃቃት ብቻ ይህን ጊዜ ሊያሳጥሩ ስለሚችሉ፣ አይጦቹን ክፍት ሜዳ በሚባለው ሳጥን ውስጥ አስገብቼ እንቅስቃሴያቸውን መዘንኩ፤ በቡድኖቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘሁም። ለእኔ ከዋናው ፍተሻ ይልቅ ያሳመነኝ ይህ ነው።

ይህም ቢሆን መንሳፈፍ ተስፋ መቁረጥ መሆኑ አከራካሪ ነው፤ ማምለጥ የማይችል እንስሳ ጉልበቱን ለመቆጠብ የተማረው ዘዴም ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም መድኃኒቶቹ በዚህ ፍተሻ በአንድ ቀን ለውጥ ሲያሳዩ፣ በሕሙማን ላይ ግን ሳምንታት ይፈጃሉ። በዚህ ምክንያት ተመሳሳይ ጥናት የሚጀምሩ ተማሪዎች አይጦቹን ለሳምንታት ለሚዘልቅ መለስተኛ ጭንቀት ማጋለጥንና የስኳር ውኃ ምርጫ ፍተሻን (እንስሳው ከተራ ውኃ ይልቅ ጣፋጩን መምረጡን ማቆሙ ደስታ የማጣት ምልክት የሚሆንበትን) ከመነሻው በዕቅዳቸው እንዲያካትቱ አጥብቄ እመክራለሁ። ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት በመሆኑም፣ ከእንዲህ ያለ ውጤት ተነሥቶ በወጥ ውስጥ ያለው እርድ ድባቴን ያክማል ማለት አይቻልም።