ሣሩን ሳንከፋፈል ቅጣቱን ጻፍን

የቀበሌያችንን የሐይቅ ዳርቻ ደንብ መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ከዳር እስከ ዳር ክልከላ ነበር። አንዱም አልሠራም።

የምንኖረው ጎጃም፣ ጣና ዳር ነው። ከላይ ተዳፋት ማሳ፣ ከታች ደንገልና ባሕር ሸሽ። መስከረም አልፎ ሐይቁ ወደ ኋላ ሲል ሰው በዚሁ ባሕር ሸሽ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ደንገሉ እየተመነጠረ ማሳው ወደ ውሃው ገፋ። ደንገል ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ለዓሣ መጠለያ ነው፣ ታንኳውም የሚሠራው ከእሱ ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ከማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ እምቦጭንም ይቀልባል።

ሕግ አልጠፋም። ያኔ የነበረው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ይህን ሁሉ ይዤ «ዳርቻው ተዘግቷል፣ ከብት ያስገባ ይቀጣል» ብዬ አነበብኩ። ሰዉ አጨበጨበ። ወር ሳይሞላ ደንገሉ መሀል የከብት ኮቴ ሞላ። አጥፊውን ለማውጣት አውጫጭኝ ተቀመጥን። ማንም ማንንም አላወጣም። በእድርም በሰንበቴም አብሮት ያለውን ጎረቤቱን እንዴት ብሎ ያውጣ?

ስንበተን አንዲት እናት ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ክልክል ነው አልክ፣ እሺ። ላሜ ዛሬ ማታ ምን ትብላ?» በክንዳቸው የታቀፏት ሣር አንዲት ጥጃ አታጠግብም። የምመልሰው አልነበረኝም።

በዓመቱ ከሣሩ ጀመርን። ዳርቻውን በገመድ ለክተን በየጎጡ ተካፈልን። ማጭድ ይዞ መግባት ይቻላል፣ ከብት ይዞ አይቻልም። ከብት የሌላትም ሴት ድርሻ አላት፣ ሣሯን ትሸጣለች። ይቺ ነገር ሦስት ስብሰባ በላች። «ላም የላት፣ ሣር ምን ያደርግላታል?» ያሉ ነበሩ። ዛሬ ዳርቻውን ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት እነዚያ ሴቶች ናቸው። ከብት ሲገባ ዝም አይሉም፤ የሚበላው የእነሱ ሣር ነዋ።

ባሕር ሸሹንም በጅምላ መከልከል ተውን። ታንኳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። ከላይ የታጨደውን ደንገል አሳዩን፣ አቆጥቁጧል። ከሥሩ የተነቀለበትን ቦታ አሳዩን፣ ጭቃ ብቻ ነው። መስመሩ የት መሆን እንዳለበት የነገሩን እሳቸው ናቸው። እዚያው ድንጋይ ተከልን። ከድንጋዩ ወደ መንደሩ ይዘራል፣ ወደ ውሃው አይታረስም።

ሌላው ስሕተቴ ታች ታቹን ብቻ ማየቴ ነው። የላይኛው ጎጥ ሰዎች በየዓመቱ በጥር እርከን ይሠራሉ፤ አዝመራ ሲነሳ የተለቀቀ ከብት ይንደዋል። «እርከኑን እኛ እንሥራ፣ ዓሣውን እናንተ ብሉ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከዳርቻው ሣር ድርሻ ሰጠናቸው፣ እነሱም ከብታቸውን ከእርከኑ ሊያርቁ ተስማሙ። ማኅተም ፍለጋ አንድ ቢሮ ወራት አመላለሰን፣ እሱም አለፈ።

ቅጣቱን የጻፍነው ከሁሉም በኋላ ነው፣ መጠኑንም የወሰኑት ባለድርሻዎቹ ራሳቸው ናቸው። እስካሁን ሁለት ሰው ተቀጥቷል፤ ሁለቱም ሳይጨቃጨቁ ከፈሉ። አሁን የቀረን ከላይ ያለው ትልቁ ቦረቦር ነው። ለጥር ድንጋይ እየሰበሰብን ነው።