ኮርቲሶሉ 28 የመጣ ቀን

ታካሚዋ ከአንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ ዕጢያቸው ላይ የነበረው ቱመር በአፍንጫቸው በኩል ከወጣላቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የጠዋቱ ኮርቲሶል (ሰውነት በዚህ ዕጢ ትእዛዝ የሚያመርተው ሆርሞን) 28 ሆኖ መጣ። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ በራ። «ዕጢው ሥራውን ጀምሯል። ምትክ ክኒኑን፣ ሃይድሮኮርቲዞኑን፣ አቁመን እንሸኛቸው» አለ።

መጥፎ ውጤት ሲመጣ ሁላችንም እንጠራጠራለን፣ ድጋሚ ይሠራ እንላለን። ጥሩ ውጤትን ማን ይጠረጥራል? የዋርዳችን ኃላፊ ሲስተር ግን እንዲህ በቀላሉ አትለቅም። የመድኃኒት ቻርቱን ገልጣ በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች።

«ዶክተር፣ ደሙ ስንት ሰዓት ነው የተቀዳው?»

«2 ሰዓት።»

«ክኒኑ 12፡30 ተሰጥቷል ይላል። 20 ሚሊ ግራም።»

ሐኪሙ ዝም አለ። ሃይድሮኮርቲዞን እኮ ራሱ ኮርቲሶል ነው። የላቦራቶሪው ማሽን ከዕጢ የመጣውን ከክኒን ከመጣው አይለይም። ከተዋጠ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካበት ጊዜ ነው። የለካነው ክኒኑን ነበር ማለት ነው። የዚሁ ዘመድ የሆነው ሌላ መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ቢሆን ማሽኑ ላይ ኮርቲሶል መስሎ አይታይም፤ ግን እሱም ሰውነት በራሱ እንዳያመርት ስለሚያፍን ውጤቱን ያበላሻል።

የማታው ክኒን ተዘለለ። የጠዋቱም ደም እስኪቀዳ እንዲቆይ ተባለ። ሲስተር በፕላስተር «ሳይቀዳ እንዳይሰጥ» ብላ አልጋው ራስጌ ለጠፈች። ሌሊቱን ግፊታቸውን ደጋግመን ለካን፤ ኮርቲሶል የጎደለው ሰው ግፊቱ ሊወርድ፣ ሊያስመልሰው ይችላል። ደሙ እንደተቀዳ ወዲያው ክኒናቸውን ዋጡ።

ውጤቱ 2.4 ሆነ። ከ3 በታች ሲሆን ሰውነቱ በራሱ እያመረተ አይደለም ማለት ነው። መድኃኒቱ ቆሞ ወደ ቤት ሄደው ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ማሰብም ይከብዳል። (ቱመሩ ኮርቲሶልን ከልክ በላይ የሚያስመርትበት የኩሺንግ በሽታ ቢኖራቸው ኖሮ ይኸው ዝቅተኛ ቁጥር ቱመሩ ወጥቷል የሚያሰኝ የምሥራች ነበር። መድኃኒቱ ግን ያኔም አይቆምም።)

የታይሮይድ ምርመራውን ዶክተሩ ለሌላ ጊዜ አቆየው። ቲኤስኤች፣ ማለትም ፒቱታሪ ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን፣ እነዚህ ታካሚዎች ላይ አያስተማምንም፤ የሚታየው የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን፣ ፍሪ ቲ4 ነው። እሱም ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ከሳምንታት በኋላ ቢለካ ይሻላል።

ልጃቸው ስትወጣ ሁለት ነገር ተነገራት። ትኩሳት ከያዛቸው ክኒኑ በእጥፍ ይሰጣል። ካስመለሳቸው ደግሞ መርፌ ያስፈልጋቸዋልና ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። የሶዲየም ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው በሰባተኛው ቀን ተቀጠረላቸው። «ደህና ሆነው ከሄዱ ለምን ይመጣሉ?» አለች። ሶዲየም ድንገት የሚወርደው ብዙ ጊዜ በዚያ ሰሞን፣ ሰው ዳንኩ ብሎ ቤቱ ሲቀመጥ ነው። ሲስተር ቀኑን በትልቁ ጽፋ ሰጠቻት።