የማን ግልባጭ?

ትናንት ማታ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ የእህቴ ልጅ መኪናው ውስጥ ፔሪፈሪ የሚባለውን የሜታል ባንድ ከፍቶ፣ «አጎቴ፣ እነዚህ እኮ የሜሹጋ ግልባጭ ናቸው» አለኝና ክርክር ገጠምን። ማስረጃውን በቃል አላቀረበም፤ የሜሹጋን አመታት ለማሳየት በቀኝ እጁ ዳሽቦርዱን አራት አራት እየመታ፣ በግራው ጉልበቱ ላይ በሰባት የሚዞር ሌላ ምት ጀመረ። ሁለቱ እጆች ይራራቃሉ፣ የተጣሉ ይመስላሉ፣ ከ28 ምት በኋላ ግን ድንገት አንድ ላይ ይወድቃሉ።

እውነቱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድኗ ኡሜኦ ከተማ የተመሠረተው የሜታል ባንድ ሜሹጋ ባይኖር፣ እዚሁ ዋሽንግተን የተወለደው ፔሪፈሪም ሆነ የእንግሊዙ ቴሴራክት ዛሬ በምናውቀው መልክ አይኖሩም ነበር። ይሁን እንጂ የሜሹጋ የራሱ የ1991 የመጀመሪያ አልበም ከሜታሊካ የተማረውን የሚደብቅ አይደለም። እኔን የሚከነክነኝ ምት መዋሳቸው ሳይሆን፣ ብዙዎቹ ተከታዮች የጊታራቸውን ድምፅ በተመሳሳይ ሶፍትዌር አበጃጅተው ሲያበቁ አንዱን ከሌላው መለየት የማይቻል መሆኑ ነው (ዕድሜዬም ሊሆን ይችላል)። አኒማልስ አዝ ሊደርስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ቶሲን አባሲ ግን ሜሹጋ የሚጫወትበትን ያንኑ ባለ ስምንት ክር ጊታር ይዞ፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቾችን የአውራ ጣት አመታት አመጣበትና ጊታሩን እንደ ከበሮ አናገረው።

«እሱስ የማን ግልባጭ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

አልመለሰልኝም። ቤት ደርሰን ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላም ቀኝ እጁ አራቱን ይመታል፤ ግራው ግን ቆጠራው ጠፍቶበት ስድስት ላይ ቆሟል።