የሚናገር አይበላም፦ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ተረት ለልጆች እንዴት እንደጻፍኩ

ስለ እንስሳት ጓደኝነት ለልጆች ሊጽፍ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምክሩን ያስቀድማል። «መተባበር ጥሩ ነው» ይልና ለምክሩ የሚሆን አንበሳና ጥንቸል ይፈልጋል። እንዲህ በተጻፈ ተረት ውስጥ ያሉት እንስሳት ቆዳ የለበሱ ሰዎች ናቸው፤ ጥንቸሏን በፍየል ብትተካት የሚጎድል ነገር የለም። እኔ ከሌላው ጫፍ ነው የጀመርኩት። ሁለት እንስሳት በእውነት አብረው የሚውሉበትን ቦታ ፈለግሁና ታሪኩን ከአኗኗራቸው ወሰድኩ።

ቦታው መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ደጋ። እዚያ ቀይ ቀበሮ ሣር በሚግጥ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚለው ቀበሮው ለብቻው ሲያድን 25 በመቶ ያህል ይሳካለታል፤ በመንጋው መሃል ሲሆን 67 በመቶ ይደርሳል። ለአምስት ዓመት ልጅ መቶኛ አይነገርም፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ተረት ውስጥ ይገባል። ለብቻው አራቴ ዘለለ፣ አንዴ ያዘ። ከጭላዳዎቹ ጋር ሦስቴ ዘለለ፣ ሁለቴ ያዘ። በዚህ ብቻ ሁለት ትዕይንት ተገኘ፤ አድማጩም በጣቱ እየቆጠረ ይከተላል።

ግጭቱም የመጣው ከዚያው ሜዳ ነው። ቀበሮው በመንጋው መሃል ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አጠገቡ የሚጫወቱትን ሕፃናት አይነካም፣ መንካት ግን ይችላል። አንድ ቀበሮ ሕፃን ጭላዳ ሲነጥቅ መንጋው ተረባርቦ እንዳስጣለው፣ አባሮም እንዳይመለስ እንደከለከለው ተመራማሪዎች አይተዋል። ከዚህ የተሻለ የታሪክ ማዕከል ቁጭ ብሎ በማሰብ አይገኝም። ሌላ ቀበሮ እንዲህ ካጠፋ ደግሞ የኛ ቀበሮ ሊታመን የሚገባው መሆኑን ለማሳየት በቂ ምክንያት አለን። «ጭላዳዎቹስ ምን አገኙ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቀበሮው ነብር ሲያባርርላቸው ይጨምራል። እኔ አልጨመርኩም፤ ቀበሮው የሚሰጠው ነገር አለመንካቱ ነው፣ ልጆችም ይህን ከምንገምተው በላይ ይረዱታል።

አስቸጋሪው ነገር አይጧ ናት። ቀበሮ አይጥ ይበላል፤ አይጧ ስም ካገኘችና አንድ ቃል ከተናገረች የጓደኝነት ተረቱ የግድያ ተረት ይሆናል፣ ማታ የሚያለቅስ ልጅም ይኖራል። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ የሚናገር አይበላም፣ የሚበላ አይናገርም። አይጦቹ ስም የላቸውም፣ በሥዕሉም ዓይናቸው በቅርብ አይታይም፤ ከሣሩ መሃል ጅራት ወይም ጀርባ ብቻ ብቅ ይላል። አይጧን በቆሎ ወይም እንጆሪ ማድረግ ግን ማታለል ነው፤ ልጁ ነገ ቀበሮ ምን እንደሚበላ ያውቃል፣ የዚያን ቀን መጽሐፉን አያምነውም።

ቤተሰቡን ለመሥራት ብዙ መልፋት አያስፈልግም። ቀይ ቀበሮዎች የሚያድኑት ለየብቻ ነው፣ የሚኖሩት ግን በቡድን ነው፤ ቡችሎቹን እናታቸው ብቻ ሳትሆን የቡድኑ አባላት ሁሉ ይጠብቃሉ፣ ምግብም ያመጡላቸዋል። ስለዚህ ቀበሮው የሚያድነው ለታናናሾቹ ነው፤ ለምን እንደተጨነቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። ጭላዳዎቹ ደግሞ ማታ ገደል ላይ ነው የሚያድሩት፤ ይህ ለተረቱ መጨረሻ የሚሆን መለያያ ሰዓት ሰጠኝ።

የገጹ ልክ የሚወሰነው ከመጻፍ በፊት ነው። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በ4 መካፈል አለበት። እኔ 24 ገጽ መረጥኩ፦ ገጽ 1 ርዕስ፣ ገጽ 2 የኅትመት መረጃ፣ ገጽ 3 መግቢያ፣ ከ4 እስከ 23 አሥር ጥንድ ገጾች፣ 24 መዝጊያ። አሥራ ሁለት ትዕይንት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ከ30 እስከ 35 ቃል ቢሰጥ በድምሩ 400 አካባቢ ይሆናል። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ስለሚሸከም በውጭ አገር መመሪያዎች የተጻፈው የቃላት ብዛት ለእኛ አይሠራም፤ 600 ቃል ካስገባህ ሥዕሉ ቦታ ያጣል።

ቃላቱን የምመዝነው በፊደል ነው። ከስድስት ፊደል በላይ የሆነ ቃል ገና ፊደል የሚቆጥር አንባቢን ያደናቅፋል። «ስለሚያባርሩትም ሄደ» የሚለውን «አባረሩት። ሄደ።» ብዬ ሰበርኩት። «አለ ቀበሮው» ብሎ የተናጋሪውን ስም ወደ ኋላ መጣልም አልወደድኩም፤ ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ልጁ ቀበሮው «እዚያ አለ» እያለ ያነበዋል። ቀበሮው «እዚህ ልቀመጥ?» አለ፣ ብሎ መጻፍ ችግሩን ይፈታል። የአክብሮት አጠራርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሕፃኑ ጭላዳ ቀበሮውን «አያ ቀበሮ» እያለ በአንተ ይጠራዋል፤ አንቱ የምትባለው እማማ ጭላዳ ብቻ ናት። አንቱታው ለሁለትና ለሦስት ሲበዛ «ተቀመጡ» ሲባል መንጋው ይሁን አንዷ ሴትዮ አይለይም። መክፈቻው ላይ «ተረት ተረት» ብዬ ጽፌ «የላም በረት» የሚለውን ባዶ ተውኩት፤ እሱ የልጆቹ ድርሻ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደጉና ፊደል የማያነቡ ልጆች እንኳን ይህን መልስ አንዴ ከሰሙት አይረሱትም።

ሥዕሉ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። ሠዓሊው ምሳሌ ካልተሰጠው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የአውሮፓ ቀበሮ ይሥላል፤ እግሩ አጭር፣ የጅራቱ ጫፍ ነጭ። የእኛው እግሩና አፍንጫው ረጅም ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። ጭላዳው ዛፍ ላይ ወጥቶ ሙዝ ከያዘም ሥዕሉ ይመለሳል፤ መሬት ላይ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሣር በጣቱ የሚነቅል፣ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው እንስሳ ነው። ከጀርባው ግራር ሳይሆን ጅብራና የጓሳ ሣር ይሁን። ለሠዓሊው ከእያንዳንዱ እንስሳ የጎን፣ የፊትና የተቀመጠ ፎቶ አብሬ እሰጣለሁ፤ በቃል መግለጽ አይበቃም።

ጽሑፉን በሣሩ ላይ አታስቀምጡ። ተ፣ ቱና ቲ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው፤ ከኋላቸው የሣር ጭረት ካለ ልጁ የትኛው የፊደሉ፣ የትኛው የሣሩ እንደሆነ ይጠፋዋል። ለጽሑፉ ሰማዩን ወይም ጉሙን ተውኩለት። ፊደሉ 20 ነጥብ፣ የመስመሩ ክፍተት አንድ ተኩል ነው። ፋይሉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ መጻፉ ይረጋገጥ፤ በድሮው የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የላቲን ምልክት ይሆናል። የእንስሳ ፊት መታጠፊያው ላይ እንዳይወድቅ፣ ሥዕሉም በየጠርዙ ሲቆረጥ የሚነሳ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ እንዲኖረው ማድረግም አይረሳም።

ለማሳተም ከመስጠቴ በፊት ስድስት ኤፎር ወረቀት አጥፌ ባለ 24 ገጽ ናሙና ሠራሁ፤ ሥዕሉ በእርሳስ፣ ጽሑፉ ታትሞ የተለጠፈ። ናሙናውን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፤ ጸሐፊው ካነበበው የጎደለውን በድምፁ ይሞላዋል። እኔ ከጎን ሆኜ ልጆቹ የት ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ እንደሚያሳርፉ፣ የት ፊታቸውን እንደሚያዞሩ፣ አንባቢው የት ትንፋሽ እንደሚያጥረው በእርሳስ አሰፍራለሁ። ፊት የዞረበት ገጽ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እንስሳቱ የሚያስረዱበት ነው፤ ያ ማብራሪያ ይወጣል። ጥያቄው በቀኙ ገጽ ግርጌ፣ መልሱ ከተገለጠ በኋላ እንዲሆንም በናሙናው ነው የሚስተካከለው። ሌላው ቀበሮ ሕፃኑን የሚነጥቅበት ትዕይንት ገጽ 15 ላይ ያልቃል፤ መንጋው ሲረባረብ የሚታየው ገጹ ከተገለበጠ በኋላ ነው።