ኤሲው ጠፍቶም የሚጮኸው ኮሮላ

አዳማ፣ በምሠራበት ጋራዥ፣ ሙቀቱ መበርታት ሲጀምር የኤሲ ሥራ ይበዛል። ወደ መተሐራና አዋሽ የሚወርዱ ሾፌሮች ሳይብስባቸው ቀድመው ይመጣሉ። አብዛኞቹ «አይቀዘቅዝም» ነው የሚሉት። እኚህ ጋሼ ግን «መቀዝቀዙስ ይቀዘቅዛል፤ ጩኸቱ ነው ያስመረረኝ» ብለው መጡ።

መኪናቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ኮሮላ ናት። ታርጅ እንጂ በደንብ ተይዛለች። ሌላ ቦታ ወስደዋት «ኮምፕረሰሩ አብቅቶለታል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» ተብለዋል፤ ኮምፕረሰር ማለት የኤሲውን ማቀዝቀዣ ጋዝ ጨምቆ የሚያዘዋውረው ፓምፕ ነው። ሶማሌ ተራ ሰው ልከው ያገለገለ ኮምፕረሰር ዋጋ አስጠይቀዋል። ብሩንም እያሰባሰቡ ነበር። መኪናዋ እንጀራቸው ናት፤ በእሷ ነው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ በግምት ዕቃ ማስገዛት በጣም ያናድደኛል።

«ጋሼ፣ ኤሲውን ሲያጠፉትስ ድምፁ ይቆማል?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ኧረ አይቆምም! እንደውም ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ነው የሚብሰው።»

እዚህ ላይ ግማሹ ሥራ አለቀ። ኮምፕረሰሩ ፊት ላይ ያለው መንኮራኩር፣ ፑሌጃው፣ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ በጎማ ቀበቶ (በቺንጋ) ይዞራል፣ ኤሲው ተከፈተም ተዘጋም። የውስጡ ፓምፕ ግን የሚዞረው ኤሲው ሲከፈት ብቻ ነው። ቁልፉን ስንጫን ኮይሉ (የሽቦ ጥቅልሉ) 12 ቮልት ያገኝና ማግኔት ይሆናል፤ የፊቱን ዲስክ ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል። ያቺ «ታክ» የምትል ድምፅ እሷ ናት። ታዲያ ኤሲው ጠፍቶ እየጮኸ፣ ያልዞረውን ፓምፕ መክሰስ ምን ይባላል? መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፑሌጃው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው።

በጥርጣሬ ብቻ ግን ዕቃ አይፈታም። እዚያው አካባቢ የሚዞር ብዙ ነገር አለ፤ ዲናሞው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የቺንጋ መወጠሪያው። እጅጌዬን ሰብስቤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ዲናሞው ላይ አሳረፍኩ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ። ንጹሕ ነው። ወደ ኮምፕረሰሩ ሳዞረው ጠጠር የገባበት ወፍጮ ይመስላል።

ሞተሩን አጥፍቼ ቺንጋውን አወለቅኩና ረዳቴን ጠራሁት። ፑሌጃውን ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ እንዲያዞረው አደረግኩ። ቀስ ብሎ ሲያዞረው ይቆረቁራል። ግራና ቀኝ ሲነቀንቀው ይላወሳል። ቀጥሎ የፊቱን ዲስክ ብቻ ይዞ እንዲያዞር ነገርኩት፤ እሱ የውስጡን ዘንግ ነው የሚያዞረው። እኩል ይሄዳል፣ የትም ቦታ አይዝም። «ይሄማ ደህና ነው!» አለ ልጁ። እኔ ከነገርኩት ይልቅ በጣቱ ያወቀው አይረሳውም፤ ሙያ እንዲህ ነው የሚገባው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ይህን ኩሽኔታ ለመቀየር ጋዝ ማውጣት አያስፈልግም። ቧንቧዎቹ አይነኩም። የፊቱ ቡሎን ይፈታል፣ ዲስኩ ይወጣል፣ ማገጃ ቀለበቱ በፒንሳ ይነሳል፣ ፑሌጃው ይሳባል። አሮጌው ኩሽኔታ ሲወጣ ግራሶው ደርቆ ጠቁሯል፤ ኳሶቹ የሚሮጡበት መስመር ተቦርቡሯል። አዲሱን በመዶሻ አልቀጠቀጥነውም። በመጫኛ ማሽን (በፕሬስ)፣ የውጪውን ቀለበት ብቻ እየገፋን አስገባነው። የውስጡ ከተገፋ ኳሶቹ ገና ከመጀመሪያው ይጎዳሉ።

ከዲስኩ ኋላ ያሉት ስስ ሮንዴላዎችም ቦታቸው ተመለሱ። በዲስኩና በፑሌጃው መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ክፍተት መኖር አለበት። ከጠበበ ኤሲው ጠፍቶም ይፋተጋል፤ ከሰፋ ዲስኩ ይንሸራተትና ይቃጠላል።

ሞተሩ ሲነሳ ጸጥ አለ። የጋሼ ፊት ፈካ። ኤሲውን ከፈትኩት፣ «ታክ» አለና ትንሽ ቆይቶ ሌላ መንጫጫት ተሰማ። ረዳቴ ወዲያው ክው አለ። ድምፁ ግን የብረት መፋጨት ሳይሆን የመንቀጥቀጥ ነበር። ኤሲ ሲከፈት ኮምፕረሰሩ ላይ ጭነት ይመጣል፤ የላላ ነገር ካለ ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው። ጎንበስ ብዬ ስፈትሽ የታችኛው ማሰሪያ ቡሎን ላልቷል። ጠበቀ፣ አለቀ።

ውስጡ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። ያን ጊዜ ኮምፕረሰር መቀየር ብቻውን አይበቃም። የብረት ብናኙ በየቧንቧው ስለሚሄድ ሲስተሙ መታጠብ፣ እርጥበት የሚይዘው ማድረቂያም መቀየር አለበት። ይህ ሳይደረግ የገባ ኮምፕረሰር ዕድሜ አይኖረውም።

«ልጄ፣ እግረ መንገድህን ጋዝ ጨምርልኝ» አሉ ጋሼ።

ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አስሬ አሳየኋቸው፤ ሁለቱም ግፊቶች ደህና ናቸው። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ መፈለግ ያለበትም እሱ ነው። በፍሳሹ ዘይትም አብሮ ይወጣል። ቀዳዳው ሳይደፈን በየጊዜው ጋዝ ብቻ የሚሞላለት ኮምፕረሰር ዘይት እያነሰው ይሄድና በመጨረሻ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል። ጋዙ ሲበዛ ደግሞ ግፊቱ ይጨምርና ኮምፕረሰሩ ማጓራት ይጀምራል። ዳነ ያልነውን ጩኸት በገዛ እጃችን መመለስ ነው።

ጋሼ አልተከራከሩም። ከሰዓት ሰው ጭነው ወደ አዋሽ ወረዱ፤ ለኮምፕረሰር ባሰቡት ብር ሁለቱን የፊት ጎማዎች ሊቀይሩ ወስነዋል።