ቫይረስ አይደለም

ዛሬ ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ "ኮምፒውተሬ ቁጥር ይበላል" ብላ ጠራችኝ። እውነትም ይበላል። ኤክሴል ላይ 4500 ትጽፋለች፣ 45 ብቻ ይገባል። ቢሮው በሙሉ "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" ብሎ ፈርዶበታል (እኛ ጋ ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም መቼም)።

እኔን የያዘኝ የኤክሴሉ መስኮት አናት ነው። እየጻፈች ሳለ ድንገት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ወዲያው ይመለሳል። ዊንዶውስ ኪቦርዱን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ መስኮት ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ፕሮግራም ከኋላ ሆኖ "ተራዬ ነው" ሲል የምትጽፈው ቁጥር ወደዚያ ይሄዳል ማለት ነው። እሷ ደግሞ ዓይኗ ደረሰኙ ላይ ስለሆነ አታይም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ተጭነን የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፈትን። ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው) የተደረደረው ጉድ! ከአንቲቫይረሱ በስተቀር ሁሉንም አጥፍተን ሪስታርት አደረግን፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስን ስንሞክር ጥፋተኛው ዴስክቶፕ ላይ ሰዓትና የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ጌጥ ሆኖ ተገኘ። ማን እንደጫነው የሚያውቅ የለም። የቢሮ ኮምፒውተር እንዲህ ነው፣ ሰዉ ተዘዋውሮ ይሄዳል፣ የጫነው ነገር ግን ጠዋት ጠዋት አብሮ እየተነሳ ይቀጥላል።

ልጅቷ አሁን ያለፈውን ወር ሰነድ ከደረሰኞቹ ጋር እንደ አዲስ እያመሳከረች ነው።